ቤተኛው ጋዜጠኛ

ታዋቂ የሮክ ባንድ ጋዜጠኛን ወደ ጓዳው የሚያስገባው ደግ ስለሆነ አይደለም። የሚሸጥ አልበም አለ። የሚታደስ ስም አለ። አንዳንዴም መሰልቸት አለ፤ አውቶብስ ውስጥ ለወራት ፊት ለፊት ሲተያይ የከረመ ሰው አዲስ ፊት ይናፍቀዋል። ጋዜጠኛውም ደጅ የጠናው ለጽድቅ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ይህን አሳምረው ያውቃሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ ግን ይዘነጉታል። አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያመሻሉ፣ ይቀላለዳሉ። ከዚያ አንደኛው ቁጭ ብሎ ስለሌላው መጻፍ አለበት።

እዚህች ቦታ ላይ የሚሆነውን ማንበብ ሱስ ሆኖብኛል። ሙዚቃውን እወደዋለሁ። የባንድ ታሪክ ሳነብ ግን ከሙዚቃው እኩል የሚያብሰለስለኝ ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ሰው በሩን ማን ከፈተለት? ለምን ያን ጊዜ? ምን አይቶ ዝም አለ? ብዙ ካነበብኩ በኋላ አንድ ነገር እየተደጋገመ መጣብኝ። ቤተኛ የሆነ ጋዜጠኛ ያየውን ሁሉ የሚጽፈው ከቤቱ ከወጣ በኋላ ነው። አንዳንዱ 15 ዓመት፣ አንዳንዱ 30 ዓመት ይፈጅበታል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

አንዲት ሴት ግን ብዙም ሳትቆይ ጻፈችው።

ሞሪን ክሊቭ የለንደኑ ኢቭኒንግ ስታንዳርድ ጋዜጠኛ ነበረች። ቢትልስን ገና ለንደን በቅጡ ሳያውቃቸው፣ በ1963 መጀመሪያ ላይ ጽፋባቸዋለች። በ1966 ዌይብሪጅ ወደሚገኘው የባንዱ አባል የጆን ሌነን ቤት ስትሄድ እንደ እንግዳ አልነበረም። ጽሑፏ ማርች 4 ቀን ወጣ። ዛሬም ሳነበው ያስቀኛል። ቤቱ በዕቃ ተሞልቷል። የጎሪላ ልብስ አለ። የጥንት ፈረሰኛ የብረት ጥሩር አለ። 5 ቴሌቪዥን አለ። ሰውየው የአንዱንም ቁጥር የማያውቃቸው ስልኮች አሉ። ክሊቭ ሌነንን ምናልባት በእንግሊዝ አገር አንደኛው ሰነፍ ሳይሆን አይቀርም ብላ ጻፈችው። እሱም ስንፍናው የአካል ነው ብሎ መለሰላት።

በዚያው ጽሑፍ መሃል ሌነን ስለ ሃይማኖት ያወራል። ክርስትና እየደበዘዘ ይሄዳል፤ አሁን እኛ ከኢየሱስ ይልቅ ታዋቂ ነን አለ። እንግሊዝ ውስጥ ማንም ትንፍሽ አላለም። አንባቢው ዓረፍተ ነገሩን ያገኘው ሀብት ያሰለቸው፣ ብዙ የሚያነብ፣ አፉ እንዳመጣለት የሚናገር የ25 ዓመት ወጣት ምስል ውስጥ ነበር። በጁላይ መጨረሻ ላይ ዴትቡክ የተባለ የአሜሪካ የወጣቶች መጽሔት ከዚያው ንግግር አንድ ዓረፍተ ነገር መዝዞ ሽፋኑ ላይ አወጣው። ምስሉ ቀረ፤ ዓረፍተ ነገሩ ብቻ ተረፈ። አላባማ ውስጥ የሬዲዮ አዘጋጆች ዘፈኖቹን አናጫውትም አሉ። በዩናይትድ ስቴትስ ደቡባዊ ግዛቶች ሸክላ ተከምሮ ተቃጠለ። ኦገስት 11 ቀን ሌነን ቺካጎ ላይ ጋዜጠኞች ፊት ቀርቦ ይቅርታ የሚመስል ነገር ተናገረ። ከወዳጅ ጋር እያወራሁ ነበር የሚል ሐሳብም ጣል አደረገ። ኦገስት 29 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ተጫወቱ። ከዚያ በኋላ ለኮንሰርት ጉዞ ወጥተው አያውቁም። ለዚያ ሌላም ብዙ ምክንያት ነበራቸው፤ ያ ክረምት ግን አልረዳቸውም።

ከዚህ ታሪክ የምወደው ክሊቭ ያደረገችውን ነው። ቃሉን አላለዘበችውም። ግርግሩ ሲነሳ ደግሞ አልሸሸችም። ሌነን ራሱን ከክርስቶስ ጋር እያወዳደረ እንዳልነበር በአደባባይ ተናገረችለት። ወዳጅም ጋዜጠኛም ሆና አንድ ጽሑፍ ላይ ቆመች። ይህ ሊሆን የቻለው ዋጋውን ገና ማንም ስላላወቀው ይመስለኛል። ሌነንም፣ ሥራ አስኪያጁም፣ እሷም አያውቁም ነበር። ከዚያ ክረምት በኋላ የትልልቅ ባንዶች ሰዎች ሁሉ አወቁ።

(በነገራችን ላይ ቤተኝነት ከዚህም ርቆ ሊሄድ ይችላል። አል አሮኖዊትዝ የተባለ የኒው ዮርክ ጋዜጠኛ ኦገስት 28 ቀን 1964 ቦብ ዲለንን ይዞ ዴልሞኒኮ ሆቴል ገባና ከቢትልስ ጋር አስተዋወቀው። ዘጋቢው የዘገባው ድልድይ ሆኖ አረፈው። ይህን ሰው ከዚያ በኋላ ገለልተኛ ሁን ብሎ መምከር ይቻላል?)

ካሜሮን ክሮው ዋጋውን ያየው በልጅነቱ ነው። በ1973 16 ዓመቱ ነበር። ሮሊንግ ስቶን መጽሔት ከኦልማን ብራዘርስ ባንድ ጋር እንዲጓዝ ላከው። ባንዱ ሐዘን ላይ ነበር። ጊታሪስቱ ዱዌን ኦልማን በ1971 በሞተር ሳይክል አደጋ ሞቷል። ከዓመት ትንሽ አልፎ ቤዚስቱ ቤሪ ኦክሊ በተመሳሳይ አደጋ ሄደ። ጋዜጠኛ የሚባል ፍጥረት አያምኑም። ይህ ሕፃን ፊት ያለው ልጅ ግን ዘፈኖቻቸውን በቃሉ ያውቃል፤ ጥያቄው ተንኮል የለውም። አወሩት። የዱዌን ወንድም ግሬግ ስለ ሞተው ወንድሙ ሳይቀር አወራው።

ጉዞው ሊያበቃ ሲል ግሬግ ኦልማን ልጁን ክፍሉ ጠራው። መታወቂያ አሳየኝ አለው። ፖሊስ አለመሆንህን በምን አውቃለሁ አለው። የቀዳኸውን ካሴት ሁሉ አምጣ አለው። ልጁ ሰጠ። ሥራው በሙሉ እዚያ ካሴት ላይ ነው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ካሴቶቹ ተመለሱለትና ጽሑፉ በዲሴምበር የሽፋን ታሪክ ሆኖ ወጣ።

ግሬግ ኦልማን ላይ መፍረድ ቀላል ነው። እኔ ግን አይገርመኝም። ሰውየው ወንድሙን ቀብሮ ለማያውቀው ልጅ ልቡን ከፍቷል። አንድ ሌሊት ላይ ባንኖ ምን አደረግኩ ቢል ምን ይገርማል? ይልቅ የሚደንቀኝ ይህ ትዕይንት የት እንደተጻፈ ነው። በ1973ቱ ጽሑፍ ውስጥ ዋናው ነገር አልነበረም። ክሮው ያን ዘመን እንደ ኖረበት አድርጎ ያሳየን በ2000 ባወጣው ፊልም ነው፤ ባንዱን ፈጥሮ፣ ስሙን ቀይሮ፣ ራሱን ሌላ ልጅ አድርጎ። በዚያ ፊልም ላይ ሌስተር ባንግስ የተባለው እውነተኛ ሐያሲ ገጸ ባሕርይ ሆኖ ይመጣና ልጁን ያስጠነቅቀዋል። እነዚህ ሰዎች ጓደኞችህ አይደሉም ይለዋል። ባንግስ ይህን ምክር የኖረበት ሰው ነበር። በ1973 ሙዚቀኞችን አታከብርም ተብሎ ከሮሊንግ ስቶን ተባርሯል። ከትዕይንቱ እስከ ፊልሙ 27 ዓመት ነው። ፊልሙ በስክሪፕት ኦስካር አስገኘለት። ያኔ ግን ክሮው ዳይሬክተር ሆኗል፤ በር የሚከፍትለት ባንድ አያስፈልገውም።

በመካከሉ የሌድ ዜፕሊን ነገር አለ፤ እሱም ስለ በር ብዙ ይናገራል። ሮሊንግ ስቶን የባንዱን የመጀመሪያ አልበሞች በ1969 አብጠልጥሏቸው ነበር። ጊታሪስቱ ጂሚ ፔጅ ቂም ያዘ። ለዓመታት መጽሔቱን ፊት ነሳው። በ1975 በሩን ያስከፈተው ክሮው ነው፤ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ባንዱን ከልቡ መውደዱ ነበር። ሐያሲው ያልገባበት ቤት አድናቂው ገባ። ፍትሐዊ ነው ወይ? አይመስለኝም። ግን ሁልጊዜም እንዲህ ነው። የሚጠላህን ሰው ሳሎንህ ውስጥ ለሳምንት አታስቀምጥም።

አሁን ወደ ሮሊንግ ስቶንስ ባንድ። እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ።

ስታንሊ ቡዝ የሜምፊስ ጸሐፊ ነበር፤ ስለ ብሉዝ ሙዚቀኞች በጥሩ ሁኔታ ይጽፍ ነበር። በ1969 መገባደጃ ከስቶንስ ጋር አሜሪካን ዞረ። መጽሐፍ ሊጽፍ ነው። ግን አሳታሚ ውል እንዲሰጠው ባንዱ እንደሚተባበረው የሚገልጽ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ያን ደብዳቤ ለማስፈረም የከፈለው መከራ የመጽሐፉ አንድ ክር ነው። ከእነሱ ጋር ይበላል፣ ከእነሱ ጋር አውሮፕላን ይሳፈራል፣ ከኪት ሪቻርድስ ጋር ያነጋል፤ ወረቀቱ ግን የለም። ቤተኛም ሆኖ ደጅ ጠኚ ነው። ስለዚህ ሥራ ከዚህ የበለጠ እውነተኛ ነገር አላነበብኩም።

ጉዞው ያበቃው ዲሴምበር 6 ቀን 1969 አልታሞንት ላይ ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለ የመኪና መወዳደሪያ ሜዳ። ነፃ ኮንሰርት፣ ወደ 300,000 የሚጠጋ ሕዝብ፣ መድረኩ ዝቅ ያለ፣ ጥበቃው ሄልስ ኤንጅልስ የተባለው የሞተረኞች ማኅበር። ሜሬዲት ሀንተር የተባለ የ18 ዓመት ጥቁር ወጣት መድረኩ ፊት በስለት ተወግቶ ተገደለ። ሽጉጥ አውጥቶ ነበር። ወጋው የተባለው ሰው በኋላ ራሱን ሲከላከል ነው ተብሎ በነፃ ተለቀቀ። ቡዝ መድረኩ ላይ፣ ከባንዱ ጋር ነበር። ከእሱ ቀርቦ የነበረ ጸሐፊ መኖሩን አላውቅም።

መጽሐፉ የወጣው በ1984 ነው።

15 ዓመት ምን ሲሠራ ቆየ? ራሱ በኋላ ጽፎታል። ዕፅ ነበረ፣ ድባቴ ነበረ። ታሪኩን ለመናገር ታሪኩን ከሚተርከው ሰው የተለየ ሌላ ሰው መሆን ነበረብኝ ብሏል። ይህን ሐሳብ መጀመሪያ ሳነበው የሰነፍ ምክንያት መስሎኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አይመስለኝም። በ1970 ቢጽፈው ኖሮ ሁለት ምርጫ ነበረው። ወይ የባንዱን ደብዳቤ የያዘ ሰው መጽሐፍ፣ ወይ የበላበትን ወጪት የሰበረ ሰው መጽሐፍ። በ1984 የወጣው ሁለቱንም አይደለም። ዘመኑ አልፏል፣ እሱም ያ ወጣት አይደለም፣ ስቶንስ ተቆጡ አልተቆጡ ግድ የሚለው አይመስልም።

በ1972 ስቶንስ እንደገና አሜሪካን ሲዞሩ አጃቢ ጸሐፊው በዝቶ ነበር። ሮሊንግ ስቶን መጽሔት ትሩማን ካፖቴን ያህል ሰው ላከ። ካፖቴ የሀብታሞችን ሳሎን የሚያውቅ፣ የነፍሰ ገዳዮችን እስር ቤት የሚያውቅ ጸሐፊ ነው። ጽሑፉን ግን ፈጽሞ አልጻፈውም። መጽሔቱ ቸግሮት አንዲ ዋርሆልን ላከና ለምን እንዳልጻፈው ቃለ መጠይቅ አስደረገው። መልሱ በአጭሩ ሚስጥር የለበትም የሚል ነበር። ልክ ነበር ወይስ ሰነፈ? ሁለቱም ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ በሩ ወለል ብሎ ሲከፈት ውስጡ ብዙ ነገር የለም። ሻንጣ፣ ሆቴል፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው።

በዚያው ጉዞ ላይ ፎቶግራፍ አንሺው ሮበርት ፍራንክ ፊልም ይቀርጽ ነበር። ያዘዘው ባንዱ ራሱ ነው። ፊልሙ ሲያልቅ ባንዱ አየው፤ ዕፁን፣ ድካሙን፣ ባዶነቱን አየ። እንዳይወጣ ፍርድ ቤት ሄደ። በመጨረሻ ፊልሙ ሊታይ የሚችለው ፍራንክ በአካል በተገኘበት፣ ለዚያውም በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው ተባለ። ገንዘቡን የሰጠው እጅ በሩን ዘጋው። ያስቃል፤ ያሳዝናልም።

እኔም በትንሹ ቀምሼዋለሁ። ስሙን ማንሳት የማያስፈልግ ባንድ ልምምዱ ላይ እንድቀመጥ ፈቅዶልኝ ነበር። ባንዱ ሮሊንግ ስቶንስ አልነበረም፤ እኔም ስታንሊ ቡዝ አይደለሁም። መጀመሪያ የገባኝ ነገር ምን ያህል አሰልቺ እንደሆነ ነው። ሰው የባንድ ሕይወት ሲባል ጭፈራ ይመስለዋል። አብዛኛው መጠበቅ ነው። ድምፅ መሐንዲሱ ገመድ ይፈልጋል። ድምፃዊው አርፍዷል። አንዷን ስምንት ባር ደጋግመው ደጋግመው ይጫወቷታል። ከዚያ አንድ ቀን ከበሮ መቺው ዞር አለና የትኛው ዘፈን መጀመሪያ ቢሆን ይሻላል ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ኮንሰርቱ ላይ ያን ዘፈን ሲጀምሩ ልቤ ድው ድው ይል ነበር። ሕዝቡ ወደደው ወይስ አልወደደውም ብዬ ዙሪያዬን እያየሁ ነው። ዘፈኑን አልሰማሁትም ማለት ይቻላል። አንዲት ትንሽ ጥያቄ ናት። ጉቦ አልበላሁም፣ ቃል አልገባሁም። ግን ከዚያች ጥያቄ በኋላ የባንዱ ውጤት የእኔም ውጤት ሆኖ ነበር። የትልልቆቹን ጋዜጠኞች ታሪክ ሳነብ ሁልጊዜ የምፈልገው ይህችን ቅጽበት ነው። ከበሮ መቺው መቼ ዞር አለ?

የሜታሊካ ነገር ግን ሐሳቤን ያፈርስብኛል። ስለዚህ ልተወው አልችልም።

ጆ በርሊንገርና ብሩስ ሲኖፍስኪ ዘጋቢ ፊልም ሠሪዎች ናቸው። በ1996 ስለ አንድ የግድያ ክስ በሠሩት ፊልም ላይ ሜታሊካ ሙዚቃውን ፈቅዶላቸው ነበር። ትውውቁ ከዚያ ነው። በ2001 ባንዱ አዲስ አልበም ሊሠራ ሲሰባሰብ ካሜራቸውን ይዘው ገቡ። ያሰቡት ለአልበሙ ማስተዋወቂያ የሚሆን ነገር ነው። ያገኙት ሌላ ሆነ። ቤዚስቱ ለቆ ሄዷል። ባንዱ እንዳይፈርስ በወር 40,000 ዶላር የሚከፈለው አማካሪ ተቀጥሯል። ድምፃዊው ጄምስ ሄትፊልድ በሩን በርግዶ ወጥቶ ማገገሚያ ገባ፤ ለወራት አልተመለሰም። ሲመለስ ሥራ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ብቻ አለ። በሌለሁበት እንዳታዳምጡ፣ እንዳትወያዩ አለ። ከበሮ መቺው ላርስ ኡልሪክ ክፍሉን ሲዞር ታየዋለህ፤ ንዴቱ በአንገቱ ሥር ይታያል። ካሜራው ሁሉን ቀዳ።

ፊልሙ በ2004 ወጣ። ወጪውን ከሙዚቃ ኩባንያው ተረክቦ የራሱ ያደረገው ባንዱ ራሱ ነው። ማለትም ፍራንክን እንደገጠመው ሊቆልፉበት ይችሉ ነበር። አልቆለፉም። ለምን? ብዙ አስቤበታለሁ። አማካሪው በየቀኑ ሁሉን ተናገሩ ሲላቸው ስለከረመ ካሜራው የሕክምናው አካል የሆነ ይመስለኛል። ካሜራው ፊት እየተካሰሱ ታረቁ። እዚህ ላይ ቤተኝነት እውነቱን አላዘገየውም። ይልቅ ባንዱ ራሱ ስለ ራሱ የማያውቀውን አወጣ። ይህን ሌላ ቦታ ብዙም አላየሁትም።

የሚያበሳጨኝ ከዚያ ወዲህ የመጣው ነው። አሁን ሁሉም ባንድ የራሱ ካሜራ አለው፤ የሜታሊካ ድፍረት ግን የለውም። ባንዱ ያዘዘው፣ ባንዱ የከፈለው፣ ባንዱ የቆረጠው ፊልም ይወጣል። ሁለት ደቂቃ የእንባ ቦታ ይኖረዋል። ጋዜጠኛው ደግሞ የሆቴል ክፍል ውስጥ 20 ደቂቃ ይሰጠዋል፤ የባንዱ የሕዝብ ግንኙነት ሰው ጥግ ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። ቀጣዩ ጋዜጠኛ ኮሪደር ላይ ቆሟል። ከዚያ 20 ደቂቃ ምን ይወጣል? አዲሱ አልበም እስከ ዛሬ ከሠራነው ሁሉ ለልባችን የቀረበው ነው ይሉሃል። አመስግነህ ትወጣለህ።

ኒርቫናን መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ሁሉም ነገር እዚያ ስለሚገኝ ነው።

በ1992 የኒርቫና ባንድ ድምፃዊ ከርት ኮቤይን በዓለም ላይ በጣም የሚፈለግ የሮክ ሰው ነበር፤ ጋዜጠኛ ደግሞ አይወድም። ማይክል አዘራድ በዚያ ዓመት ኤፕሪል ላይ ለወጣው የሮሊንግ ስቶን ሽፋን አነጋገረው። ኮቤይን ለሽፋኑ ፎቶ የለበሰው ቲሸርት ላይ "የኮርፖሬት መጽሔቶች አሁንም ቀሽም ናቸው" የሚል በእጁ ጽፎበታል። ሽፋኑ ላይ ለመውጣት ፈቅዶ ሽፋኑን ይሰድባል። ሰውየውን በአንድ ፎቶ ማወቅ ይቻላል።

በሴፕቴምበር እትሙ ቫኒቲ ፌር መጽሔት የሊን ሂርሽበርግን ጽሑፍ አወጣ። የኮቤይን ሚስት ኮርትኒ ላቭ ነፍሰ ጡር ሳለች ሄሮይን ተጠቅማለች የሚል ነበረበት። ጥንዶቹ ጽሑፉን አጥብቀው ተቃወሙ። ልጃቸው ስትወለድ የሕፃናት ጥበቃ ባለሥልጣናት ገቡበት፤ ለጊዜው ሕፃኗ ከእጃቸው ወጣች። ከዚህ በኋላ የባንዱ በር በሁለት መልክ ሆነ። ቪክቶሪያ ክላርክና ብሪት ኮሊንስ የተባሉ ሁለት ሴቶች ያለ ባንዱ ፈቃድ መጽሐፍ እየጻፉ ነበር። በኦክቶበር 1992 ክላርክ መልስ መቀበያ ማሽን ላይ የኮቤይን ዛቻ ተቀዳ። መጽሐፋቸው ሳይወጣ ቀረ። አዘራድን ግን ጥንዶቹ ራሳቸው ጠሩት። የእኛን ታሪክ ጻፍልን አሉት።

በዚሁ ዓመት ኤቨረት ትሩ የተባለ እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ አለ። ኦገስት 30 በሬዲንግ ፌስቲቫል ኮቤይን ታሟል፣ ሞቷል እየተባለ ሲወራ ባንዱ በወሬው ሊቀልድ ፈለገ። ኮቤይን የሆስፒታል ልብስ ለብሶ፣ ሰው ሠራሽ ፀጉር አጥልቆ፣ በተሽከርካሪ ወንበር መድረክ ላይ ወጣ። ወንበሩን የገፋው ትሩ ነው። የሙዚቃ ጋዜጠኛ በአሥር ሺዎች ፊት የዘገባውን ባለቤት እየገፋ። ከዚህ በላይ ቤተኛ መሆን አይቻልም።

የአዘራድ ቤተኝነት ጸጥ ያለ ነበር። ከ1992 መጨረሻ እስከ 1993 መጀመሪያ ሲያትል ኮቤይን ቤት ይሄዳል፤ ውይይቱ ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። ከ25 ሰዓት በላይ ካሴት ቀዳ። ኮቤይን ስለ ሄሮይኑ ነገረው፣ ስለ ሆድ ሕመሙ ነገረው፣ ስለ ወላጆቹ ፍቺ ነገረው። ስለ ልጅነቱም ብዙ ነገረው። አበርዲን በምትባለው የትውልድ ከተማው ቤት አጥቶ ድልድይ ሥር ያድር እንደነበር። እናቱ የእንጀራ አባቱን ጠመንጃዎች ወንዝ ውስጥ ስትጥል እሱ አውጥቶ እንደሸጣቸው። መጽሐፉ በ1993 መጸው ወጣ። ከመውጣቱ በፊት ኮቤይን ረቂቁን አንብቦታል፤ ጥቃቅን ነገር ከማረም በቀር አልነካውም። በኤፕሪል 1994 ኮቤይን ራሱን አጠፋ። ያ መጽሐፍ በአንድ ሌሊት የሟች ቃል ሆነ።

ከዚያ ቻርልስ ክሮስ መጣ። ክሮስ የሲያትል የሙዚቃ ጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። በ2001 ያወጣው መጽሐፍ ከ400 በላይ ቃለ መጠይቆች አሉት። እሱ ጎረቤት ጠየቀ፣ ዘመድ ጠየቀ፣ ማስታወሻ ደብተሮቹን አነበበ። ኮቤይን ሲተርከው እንደነበረው የመጀመሪያ ጊታሩ ከወንዝ በወጣ ጠመንጃ አልተገዛም፤ በ14ኛ ልደቱ አጎቱ የሰጠው ነው። ድልድይ ሥርም ያን ያህል አላደረም፤ ቤዚስቱ ክሪስት ኖቮሰሊክም በዚህ ነገር አላመነም። ከርት እዚያ ሄዶ ይቀመጥ እንደነበር እንጂ ይኖር እንደነበር አይናገርም።

ታዲያ አዘራድ ተሞኘ? ብዙ ሰው እንዲህ ይላል። እኔ እዚህ ላይ እለያለሁ። እሱ ያገኘውን ክሮስ ሊያገኘው አይችልም ነበር። ሰውየው በራሱ ድምፅ፣ በራሱ ሌሊት፣ ሕይወቱ እንዴት ቢሆን እንደሚወድ ሲናገር። ድልድዩ ውሸት ከሆነ ውሸቱ ራሱ የኮቤይን ሥራ ነው፤ እንደ ዘፈኖቹ የደከመበት። በ2006 ከእነዚያ ካሴቶች አንድ ዘጋቢ ፊልም ተሠራ። ከፊልሙ መጨረሻ በቀር የኮቤይን ፊት አይታይም፤ ድምፁን ብቻ እየሰማህ የኖረባቸውን ከተሞች ታያለህ። ሳየው ስለ ድልድዩ ግድ አልሰጠኝም።

ቅር የሚለኝ ሌላ ነው። ወደ አበርዲን ደውሎ የድልድዩን ነገር መጠየቅ ይቻል ነበር። ወሬው ያን ያህል ሩቅ አልነበረም። ግን በሌሊት ልቡን ከፍቶ የሚያወራህን፣ ከሳምንታት በፊት ልጁን ለማስመለስ ሲታገል የከረመን ሰው፣ ቆይ ይህን ላጣራ ትለዋለህ? እሱ ደግሞ ጋዜጠኛ ከድቶኛል ብሎ ዛቻ ስልክ ላይ ሲቀዳ የነበረ ሰው ነው። ከበሮ መቺው ዞር ያለው እዚህ ጋ ነው። አንዲት ጥያቄ ብትጨምር በሩ ሊዘጋ ይችላል፤ ባትጨምር ደግሞ ማንም አያውቅብህም።

አዘራድ ግን ተመልሶ መጣበት። በ2023 ያንኑ መጽሐፍ በአዲስ እትም አወጣው። የ1993ቱን ጽሑፍ ሳያጠፋ እንዳለ አስቀመጠው። በመካከሉ አዲስ ማብራሪያ ጨመረበት፤ እዚህ ጋ ይህን አመንኩ፣ እዚህ ጋ ከርት ምን ሊያደርግ እየሞከረ እንደነበር አሁን ገብቶኛል እያለ። በ30ዎቹ መጀመሪያ ላይ የነበረው ጸሐፊና በ60ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለው ጸሐፊ በአንድ ገጽ ላይ ይነጋገራሉ። አንዳንዱ ማብራሪያ ረዝሟል፣ አንዳንዱም ባይኖር አይጎዳም።

ሁለቱንም እትሞች አንብቤያለሁ። የመጀመሪያው ይፈጥናል፣ ይሞቃል፤ ኮቤይን ገና በሕይወት ስላለ ማንም መጨረሻውን አያውቅም። አንዱን ብቻ አንብብ ካላችሁኝ ግን ሁለተኛውን እላለሁ። ከክሮስ ጋር አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ብታነቡት ደግሞ የበለጠ ይጣፍጣል፤ መጀመሪያ አዘራድን፣ ከዚያ ክሮስን።